ከኬንዚ ጋር ማን ይሂድ?

ጎረቤቴ ኦፓል ልጇን ትሪናን ከቀበረች በኋላ ከቤቷ የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ነበር። ትሪናን የገደላት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። ወገቧን ሲያማት ሐኪም አዘዘላት፤ ሐኪሙ ሲያቆምባት ደግሞ ከመንገድ መግዛት ጀመረች። በእኛ የዌስት ቨርጂኒያ ሸለቆ ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው መተረክ አያስፈልግም፤ ሁሉም ቤት የራሱ አለው።

ኋላ ላይ ትምህርት ቤቱ፣ ወላጆቻቸው በዚሁ ክኒን ሱስ ለተያዙ ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አብሯቸው የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ይፈልግ ጀመር። እኔ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ነኝና ለኦፓል ነገርኳት።

«እኔ ምን አውቄ ነው ሰው የምመክረው? የራሴን አድኛለሁ?» ብላ ጮኸችብኝ።

ሄደች ግን። የደረሰቻት ኬንዚ ናት፤ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ከበሮ የምትመታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ። እናቷ ሚስቲ አንድ ሰሞን ቤት ትሆናለች፣ ሌላ ጊዜ የት እንዳለች አይታወቅም።

ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ስጦታ መስጠት የለም፣ ከግቢ ውጭ መገናኘትም የለም። ስለዚህ ኦፓል ከምሳው ቀን፣ ከሐሙስ፣ በቀር ቀን የላትም ነበር። «ዛሬ ምን አወራችሁ?» ስላት «ምንም። ቋሊማ ያለበት ዳቦዋን ገምሳ ሰጠችኝ» ትለኛለች፣ እንደ ሹመት እየቆጠረችው።

በመጸው፣ የትምህርት ቤቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በሜዳችን በሚያደርገው የመጨረሻ ጨዋታ ምሽት፣ በዓመቱ የሚመረቁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሜዳውን ያቋርጣሉ። በሜዳው በር ላይ የቆመው መምህር ማን እንዳጀባቸው ጠይቆ በድምፅ ማጉያ ስሙን ያሰማል። እኛ ዘንድ ይህ ከሠርግ አያንስም።

«እናቴ እመጣለሁ ብላለች» አለች ኬንዚ። «ካልመጣች ግን... ሚስ ኦፓል፣ እርስዎ አብረውኝ ይሄዳሉ?»

«ከግቢ ውጭ አይፈቀድም እኮ።»

«ሜዳው የትምህርት ቤቱ አይደል እንዴ?»

«አንቺስ ጠበቃ ነው የሚወጣሽ!»

ያን ሳምንት ኦፓል ፀጉሯን ተሠራች። «እናትየው ባትመጣ ብዬ እየተመኘሁ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» አለችኝ።

የጨዋታው ምሽት አውቶቡሴን አቁሜ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሰልፉ ተጀመረ፣ ሚስቲ የለችም። ኬንዚ መንገድ መንገዱን ማየቷን ትታ የኦፓልን ክንድ ያዘች። ተራቸው ሊደርስ ሲል አንዲት ሴት በሰው ጃኬት ውስጥ ሰምጣ፣ ዓይኗን ለመግለጥ እየታገለች፣ አጥሩን ተደግፋ ስትመጣ አየሁ። ኦፓልም አየቻት። ኬንዚ ግን ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራለች፤ ምንም አላየችም። ኦፓል ዝም ብትል ማን ይወቅሳታል? እውነቱን ልናገርና እኔ በልቤ ዝም በይ እያልኳት ነበር።

«ኬንዚ» አለች ኦፓል፣ «እናትሽ መጥታለች።»

በዚያች ልጅ ፊት ላይ እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። የኦፓልን ክንድ ለቅቃ ሮጠች።

«አረፈድኩብሽ አይደል፣ የኔ ማር?» አለች ሚስቲ፣ ምላሷ እየተሳሰረ።

«አጥብቀሽ ያዣት፣ ሣሩ ያንሸራትታል» አለች ኦፓል። ኬንዚ የሰማቻት አልመሰለኝም። ድምፅ ማጉያው የኬንዚንና የሚስቲን ስም ጠራ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ኦፓልም አጨበጨበች።

አውቶቡሱን መልሼ በመኪናዬ ወደ ቤት ሳደርሳት «ደግ አደረግሽ» አልኳት። በሯ ላይ ስንደርስ የመኪናውን በር ከፍታ፣ ሳትወርድ ተቀመጠች።

«ለመምህሩ ስሜን ቀስ ብዬ መንገር ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት» አለች። «ሲጠራው እንዳይሳሳት።»

ከዚያ ደህና እደር ብላኝ ወረደች።