ጠንቋይዋና የትልቁ ፓምፕ ማስታወሻ

በውሃ ድርጅቱ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ነው። ለሌላው ሁሉ «ጠንቋይዋ» ናት። ጥፋቷ፣ እንደ ሰው ማውስ ይዛ በመጫን ፈንታ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍታ ትእዛዝ መጻፏ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሰነድ የሚፈልግበትን ሰርቨር የምታስተዳድረው እሷ ናት። የትኛው ፋይል በፍለጋ ይገኝ፣ የትኛው ይደበቅ የሚለውን አንድ በአንድ እየነካኩ ማስተካከል ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የሷ ስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ የሚሄድ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ በአራት ደቂቃ ይገላግለዋል። በቀረው ጊዜ ምን እንደምትሠራ አለቃዋ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ሞኝ አይደለችም፣ አልነገረችውም።

አባቷ እዚያው ድርጅት ሠላሳ አንድ ዓመት ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሲወጡ ስለ ትልቁ ፓምፕ አርባ ገጽ ማስታወሻ ሰርቨሩ ላይ ትተው ሄዱ፤ ግማሹ ስለ ጥገና፣ ግማሹ አለቆችን ማማት ነው። ወር በገባ ቁጥር ስትደውልላቸው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ማስታወሻዬ ስንት ጊዜ ተከፈተ?» ይላሉ። እሷም የሰርቨሩን ወርሃዊ ሪፖርት አይታ «አራት»፣ አንዳንዴም «አምስት» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን አለቃው ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ ብሎ ተነሳ። ያንቀራፈፈው የራሱ ልጅ የልደት ቪዲዮ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

«ዓመት ሙሉ ሰው ያልከፈተው ሰነድ በሙሉ ከፍለጋው ይውጣ! የማንም ይሁን የማን!» አለ።

እሷ ምን ቸገራት፣ የአባቷ ማስታወሻ በየወሩ ይከፈታል። ስክሪፕቱን ጻፈችና ከማስኬዷ በፊት የሚወጡትን ሰነዶች ዝርዝር አየች። ሦስተኛው የአባቷ ነው። ክው አለች።

የሰርቨሩን መዝገብ ስትጎረጉር ጉዱ ወጣ። ወርሃዊው ሪፖርት ስንት ጊዜ እንደተከፈተ እንጂ ማን እንደከፈተው አይናገርም። ከፋቹ ደግሞ የራሷ ስክሪፕት ነበር! ፍለጋው መሥራት አለመሥራቱን ሰኞ ሰኞ እንዲፈትሽ ያዘዘችው፣ ለሙከራ ብላ የአባቷን ሰነድ የሰጠችው። ማሽን የከፈተውን ለሽማግሌው እንደ ሰው እየቆጠረች ስታወራ ኖራለች። አፈረች።

ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ብትጨምር ማስታወሻው ይተርፋል። አለቃው ጥቁሩን መስኮት ሲያይ ራሱን ስለሚያዞረው መቼም አይደርስበትም። ነገር ግን አውቆ መዋሸቱን አንጀቷ እምቢ አላት። ደወለች።

«አባዬ፣ ማስታወሻህን የሚከፍተው ሰው አይደለም። የኔው ስክሪፕት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቅክ?»

«አራት ሰኞ ባለው ወር አራት፣ አምስት ሰኞ ባለው ወር አምስት። የዚያ ድርጅት ሰው እንዲህ ሳያጓድል ሲሠራ የት አይተሻል? ደግሞስ ያ ፓምፕ ከተነቀለ ስንት ዓመቱ! አውጪው፣ ልጄ።»

«ታዲያ በየወሩ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ካልጠየቅኩሽ መች ትደውያለሽ?»

የጠንቋይዋ እንባ መጣ። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ያውም ቁጥር ልታነብላቸው። እስከ ዛሬ ከዚያ ውጭ ደውላላቸው አታውቅም።