ባሻና ባለቤቴ የተከራከሩበት ጦርነት

አማርኛ የተማርኩት ከክርክር ነው። ደራ አጠገብ ከአርሲ ቤተሰብ ተወልጄ አዳማ ላሉ ነጋዴ ስዳር የማውቀው አማርኛ ከገበያ የለቃቀምኩትን ብቻ ነበር፤ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «ነገ ና»። የቀረውን ያስተማሩኝ ባለቤቴና ጎረቤታችን ባሻ ናቸው፤ ያውም ሳያስቡት። አመሻሽ ላይ ከሱቃችን ደጃፍ ተቀምጠው ስለ ሰገሌ ጦርነት ሲከራከሩ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። ለዚህ ነው «እንደምን አመሹ» ማለትን አጣርቼ ሳልችል «ውግዘት» እና «አልጋ ወራሽ» የሚሉትን ቃላት ያወቅሁት።

ባለቤቴን ያኔ አንቱ ነበር የምለው። እሱ የሞተበትን ዕድሜ ካለፍኩ ወዲህ ግን በሐሳቤ ታናሼ እየሆነ ስለመጣ፣ ሳላስበው እሱ ማለት ጀመርኩ።

የወሎ ሰው ነበር፤ እስላም። ገና ጎረምሳ ሳለ ከወሎው ንጉሥ ጦር ጋር ወደ ሸዋ መጥቶ ሰገሌ ላይ ተማረከ። ሲለቁት አገሩ መመለሱን ትቶ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ወረደና አዳማ ቀረ። እኔ ሳገባው በጣቢያው አጠገብ አቡጀዲ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ባሻ ደግሞ ሸዌ ናቸው፤ ከእሱ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በኬላው የዘበኞች አለቃ ነበሩ። በዚያው ጦርነት በአሸናፊው በኩል ተሰልፈው ጥይት ጭናቸው ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ሲራመዱ ያነክሳሉ። አንድ ሜዳ ላይ ሲታኮሱ የዋሉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ አዳማ ላይ በአንድ ቁልቋል አጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ሆኑ።

የሆነውን ነገር ሁለቱም አይክዱም። ወጣቱ አልጋ ወራሽ ሰልሟል ተባለ፤ ጳጳሱ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፤ መኳንንቱ ልዑሉን ከአልጋ አወረዱ። አባቱ የወሎው ንጉሥ ለልጃቸው ተነሥተው ጦራቸውን ይዘው መጡና ተሸነፉ። የሚከራከሩት ለምን ሆነ በሚለው ነው።

ባሻ ሃይማኖት ነው ይላሉ። ጳጳሱ ከመሐላ ባይፈቷቸው ኖሮ እሳቸውም ሆኑ ጓደኞቻቸው በንጉሥ ልጅ ላይ ጠመንጃ እንደማያነሡ፣ መሐላ ማለት ነፍስ ማለት እንደሆነ ደጋግመው ይናገራሉ። ባለቤቴ እስኪጨርሱ ሰምቶ በቀስታ ይጀምራል።

«ባሻዬ፣ የኛ ንጉሥ እኮ ክርስቲያን ነበሩ። ከጎኔ የወደቀው ጓደኛዬ አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው። ጦርነቱ የሃይማኖት ከሆነ እሱ ለማን ሃይማኖት ሞተ?»

ከዚያ መኳንንቱ ሹመታቸው ከእጃቸው ሊወጣ መሆኑን አይተው እንደፈሩ፣ ልዑሉን ለማውረድ ቁርጥ ሐሳብ ካደረጉ በኋላ ውግዘቱን ለሰበብ እንደፈለጉት ያስረዳል። ባሻ ይቆጣሉ፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ይመታሉ፤ ግን በማግሥቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

አንዳንዴ ለባቡሩ ሰዎች ፈረንሳይኛ የሚያስተረጉም አንድ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ ነበር። እሱ ሁለቱንም የዋሃን ናችሁ ይላቸዋል። በእሱ ቤት ነገሩ የፈረንጆች ነው፤ እነሱ እርስ በርሳቸው በትልቁ የዓለም ጦርነት ተጠምደው ስለነበር ልዑሉ ወደ ቱርክ ማዘንበሉን ፈርተው መኳንንቱን ገፋፉ። አባቴም ከደራ ቅቤ ይዞልን የመጣ ቀን ጦርነቱን ምን አመጣው ብለው ጠየቁት። በኦሮምኛ የመለሰውን እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። «ከኛ ግብር ማን ይሰብስብ ተባብለው ነው የተዋጉት፤ ማንም ቢያሸንፍ ሰብሳቢው መጣ» ነበር ያለው። ባሻ የመንግሥት ሰው መሆናቸውን ስላወቅሁ ፈራሁና «ከሩቅ ስለነበርን አላወቅንም ይላል» ብዬ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ግን ኦሮምኛ ይሰማ ነበር፤ አየኝና ቅቤውን አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ፍርሃቴ በዚያ አልቆመም። በሰሜን ሌላ ጦርነት ተነሥቶ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ የተባለ ጊዜ ለጥቂት ወራት ክርክሩ ቆመ። እፎይ ብዬ ነበር፤ ከክረምቱ በኋላ መልሰው ጀመሩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ የግንቦት ቀን፣ የአዳማ አቧራ ሰው በማያሳይበት ሰዓት፣ ከአልጋ የወረደው ልዑል ከታሰረበት አመለጠ የሚል ወሬ በጣቢያው ስልክ መጣ። ሱቁ ውስጥ ልጄን አዝዬ ጨርቅ ሳጣጥፍ ነበር። ወሬውን የነገረን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረና ያነሣውን አቡጀዲ እንኳ ሳይለካ አስቀምጦ ወጣ። ወደ ሰሜን ሄደ የሚሉ ነበሩ፤ የአዋሽን ሸለቆ ይዞ ወደ አፋር ይወርዳል የሚሉም ነበሩ። እኛ በመንገዱ ላይ ነን ማለት ነው።

ባቡር ሁሉ ይፈተሽ ጀመር። ወታደሮች በየፉርጎው እየገቡ ተሳፋሪውን አገርህ የት ነው እያሉ ይጠይቃሉ። ወሎ ያለ ይወርዳል። ከእነዚያ ከወረዱት ውስጥ ለባለቤቴ በርበሬ ያመጣለት የነበረ አንድ ነጋዴ በጣቢያው በረንዳ ላይ ጥምጣሙ ተፈትቶ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጦ አየሁት። ሰላም ልለው አስቤ ፊቴን አዞርኩ። አስተርጓሚው በዚያው ሳምንት እህቴ ታማለች ብሎ ወደ ድሬዳዋ ተሳፈረ፤ ከዚያ በኋላ አዳማ አልታየም።

ባለቤቴን ሱቁን ዘግተን አባቴ ዘንድ እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ብንዘጋ ሸሸ ይሉኛል አለኝ። ስለዚህ ከፍተን እንቀመጣለን። ገዢ ሲገባ ፊቱን ከማየቴ በፊት እግሩን አያለሁ፤ ጫማ ያደረገ ከሆነ የመንግሥት ሰው ነው ብዬ። ጡቴ ደርቆ ልጄ ሲያለቅስ ዋለ።

ባሻ ሁልጊዜ በደጅ በኩል ነበር የሚመጡት። ያን ቀን ግን በጓሮ፣ በቁልቋሉ መካከል ገብተው ነጠላቸው እሾህ ይዞት ተቀዶ አገኘኋቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም እንደጠራቸው ለባለቤቴ ነገሩት። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ በአቡጀዲ ሻጩ ደጃፍ «ውግዘቱ ሰበብ ነው፣ አልጋው በግፍ ነው የተወሰደው» ይባላል ብሎ ለሹሙ ነግሯል። ምስክሩ ባሻ ናቸው። ባለቤቴ ምን ሊሉ እንዳሰቡ አልጠየቃቸውም። «ባሻዬ፣ እርስዎ መሐላ አያፈርሱም» አለ ብቻ። ባሻም በመጡበት በጓሮ ተመልሰው ወጡ።

በማግሥቱ ባለቤቴን መጥተው ወሰዱት። ልጄን አዝዬ ተከተልኩ፤ የከለከለኝ አልነበረም። ሹሙ ከግራር ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጸሐፊ አለ። እኔ ከሌሎች ሴቶች ጋር አጥሩ ሥር ቆምኩ። ነፋሱ ድምፃቸውን ወደኛ ያመጣዋል፤ አንዳንዴም ይወስደዋል።

መጀመሪያ ባሻን አማሏቸው። ይህን ብዋሽ ይህ ይድረስብኝ እያሉ እስከ መጨረሻው ማሉ። ከዚያ ሹሙ ያንን ቃል በደጃፉ ላይ የተናገረ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ባሻ።

ሹሙ ቀና ብሎ አያቸው። በየትኛው በኩል ተሰልፈው እንደነበር ጠየቃቸው፤ በሸዋ በኩል እንደነበሩና ጥይቱ አሁንም ጭናቸው ውስጥ እንዳለ ነገሩት። ታዲያ ይህን ታምናለህ አላቸው። ባሻም ሽማግሌ ለጨዋታ ሲል ብዙ ይናገራል፣ የተባለውን ብያለሁ፣ ይቅጡኝ አሉ። እኚያ ለመሐላ ሲሉ ጦርነት የገቡ ሰው ምለው ሲዋሹ ሰማሁ።

ሹሙ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«አንተስ ምን ብለህ ተከራከርከው? ጦርነቱን ያመጣው ምንድን ነው ትላለህ?»

ባለቤቴ ወደ ባሻ አየ። ወታደሩ በሰደፉ ጎኑን ነካ አደረገው። የማደርገው ጠፍቶኝ የልጄን እግር በጀርባዬ ላይ ጨብጬ ይዤ ነበር።

«ሃይማኖት ነው ጌታዬ» አለ ባለቤቴ።

ከዚያ ቀጠለ። ስለ መሐላው፣ ስለ ጳጳሱ፣ ንጉሥ ሃይማኖቱን ከለወጠ ሕዝቡ የመነሣት መብት እንዳለው ተናገረ። እያንዳንዱ ቃል የባሻ ነበር። ባሻ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ላይ እሱም ትንፋሽ ይወስዳል። ሹሙ ጮክ ብለህ በል አለው፤ ጮክ ብሎ ደገመው። እናንተስ ለምን ተሸነፋችሁ ሲለው «ስላጠፋን» አለ። ጸሐፊው ጻፈ። ባሻ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ባለቤቴን በዋስ ለቀቁት። ባሻ ከኬላው ሥራ ተባረሩ፤ በሰገሌ ቁስላቸው ምክንያት ከዚያ በላይ አልነኳቸውም። ልዑሉም ብዙ ሳይቆይ በሰሜን በኩል ተይዟል ተባለ። እሱም ሆነ ሰዎቹ በእኛ በኩል አላለፉም።

እኔ ባሌ በሕይወት በመመለሱ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ያን ቀን ምግብ አልቀመሰም። ምን ሆኑ ስለው ማተብ ስለነበረው ጓደኛው ነገረኝ፤ የእናቱን ቤት ሳይቀር ያውቀው ነበር። «አንድ ቀን እናቱን ባገኛት፣ ልጅሽ አጥፍቶ ነው የሞተው ልበላት?» አለኝ። የልጃችንን ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

ባሻ ከሶደሬ ወዲህ፣ በአዋሽ ዳር ወዳላቸው መሬት ሄዱ። ለገበያ ሲመጡ እኛ ዘንድ ያርፉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው እንደሚሳለሙ፣ ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ሰው ነገረኝ። ከባለቤቴ ጋር የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ አቡጀዲ ዋጋ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ባሻ አልቻሉም መሰለኝ፣ እንደ ድሮው ምርኩዛቸውን መትተው ስለ ጳጳሱ ጀመሩ። ባለቤቴ መጀመሪያ ወደ መንገዱ አየ።

«ልክ ነዎት ባሻዬ» አለ።

«ተከራከረኝ እንጂ።»

«የምከራከረው የለኝም፤ እርስዎ ልክ ነዎት።»

ባሻ ፊታቸው ተለወጠ። ያን ያህል ዘመን ሊያሸንፉት የታገሉትን ክርክር ሲያሸንፉ እንደተሰደበ ሰው ሆኑ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ለገበያም ሲመጡ በሌላ መንገድ ያልፋሉ አሉኝ።

ጣሊያን መጣ ተብሎ ክተት የታወጀ ጊዜ እንደገና አየናቸው። በዚያ እግራቸው ሊዘምቱ ነው። ባለቤቴ በሶ አስፈጨ፤ ስንቅ ይዘንላቸው ጣቢያ ሄድን። ባሻ እጁን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት፤ እኔም ተከተልኩ። «እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ሹሙ አይደለም» አሉት። «እውነቱን ምን ትላለህ?» በዙሪያችን ወታደር፣ የሚያለቅሱ ሴቶች፣ የጣቢያው ሠራተኞች ነበሩ። ባለቤቴ አፉን ከፈተ፤ ዙሪያውን አየ፤ ዘጋው። «ሲመለሱ እነግርዎታለሁ» አላቸው። ባሻ አልተመለሱም። ባለቤቴም ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጥቂት ቆይቶ በወባ ሞተ።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምትማር ሆና አስተማሪዋን ቤት ይዛ የመጣችው አርጅቼ ሳለሁ ነው። ጨዋ ሰው ነበር፤ ቴፕ ይዟል። የታሪክ ሰዎች ስለዚያ ጦርነት መነሻ እስካሁን አልተስማሙም አለኝ። ሃይማኖት ነው የሚሉ አሉ፤ የሥልጣን ሽኩቻ ነው የሚሉ አሉ፤ የውጭ መንግሥታት እጅ ነው የሚሉም አሉ፤ አሁን አሁን ደግሞ መሬትና ግብር ነው የሚሉ ወጣቶች ተነሥተዋል። እኔ እየሰማሁ ባሻን፣ ባሌን፣ አስተርጓሚውን፣ አባቴን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከወሎ ዘማቾች አንዳንዶቹ ራሳቸው የሃይማኖት ጦርነት ነበር ብለው የሰጡት ቃል አለ ሲለኝ ግን የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ።

ያንን ቃል የሰጡት የት ሆነው እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አልኩት። እሱም ይህ ሲያስጨንቀው እንደኖረ፣ የመጣውም ለዚሁ እንደሆነ ነገረኝ። ባለቤትዎ በእውነት ምን ያምን ነበር ብሎ ጠየቀኝና ቴፑን ከፈተ።

ሹሙ ከሞተ ቆይቷል። ያ መንግሥትም ወድቋል። ስለዚያ ልዑል ቢወራ የሚቀጣኝ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ቴፑን እንዲያጠፋው ለመንኩት፤ አጠፋው። ተነሥቼ ወደ መንገዱ አየሁ፤ አንድ ጋሪ ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር። እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ማተብ ስለነበረው ሰው ነገርኩት።