የሳጋል ራስ ክምር

ሳጋል ድሬዳዋ ተወልዳ አድጋ ሐርጌሳ የተዳረች ልብስ ሰፊ ናት። ያየችውን ነገር ስሙን ሳትጠይቅ ማለፍ አይሆንላትም። ለዘመድ ሰርግ ወደ ሼክ ተራራ ስትወጣም በዚሁ ጠባይዋ መኪናውን አስቆመች። መንገዱ ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ቆሟል፤ ብርቱካንማ አበባው ግንዱን ዙሪያውን ከቦ፣ አንዱ ክብ በሌላው ላይ እየተደራረበ ወደ ላይ ይወጣል። ሾፌሩን ጠየቀች፤ ሰርግ ቤት ስትደርስም ሽማግሌዎቹን ጠየቀች። ስሙን ያወቀ አልተገኘም። ስትመለስ አንድ የደረቀ ራስ ቀንጥሳ ዘሩን በሻርፕዋ ጫፍ ቋጠረች።

ሐርጌሳ ውስጥ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ አጥር ሥር ዘራችው። ባሏ ዲሪር ግን አልተዋጠለትም።

«ውሃ በቦቴ እየገዛን አረም ልታጠጪ ነው?»

«አረም መሆኑን በምን አወቅህ? ስሙን እንኳ አታውቀውም።»

ከዚያ ወዲያ ለሶላት ስትታጠብ ውዱእ የምታደርገው አጥሩ ሥር ሆነ፤ የታጠበችበት ውሃ ለዘሩ ይተርፋል። ከበቀሉት ችግኞች አብዛኞቹን ፍየል በላቸው። አንዱ ተረፈና ያን ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ከረመ። በጋ ላይ ደርቆ ጭራሮ ሲመስል ዲሪር ከሥሩ ቆረጠው። የሳጋል ኩርፊያ ሰንበትበት አለ።

ዝናቡ ሲመጣ ግን ጉቶው ዙሪያውን ቀንበጥ በቀንበጥ ሆነ። ዲሪር ጎንበስ ብሎ አየው።

«ሲቆርጡት ይብስበታል እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለች፤ ኩርፊያዋን ረስታ።

አበባው ከአጥሩ በላይ ብቅ ባለ ሰሞን በሩ ተንኳኳ። አምለሰት ነበረች፤ ጎረቤት ቤት ምግብ የምታበስል የጎንደር ልጅ።

«እትዬ ሳጋል፣ ይሄን ራስ ክምር ከየት አመጡት?»

«ምን አልሽው?»

«ራስ ክምር። ልጆች ሆነን አበባውን እየነቀልን እንመጥጠው ነበር።»

ሳጋል ስሙን ለራሷ ደጋግማ አለችው። ከዚያ አንዷን አበባ ነቅላ መጠጠች፤ ለዲሪርም አቀበለችው። ቀመሰና «ማሻአላህ» ብሎ ሌላ ለመንቀል እጁን ሰደደ።

አሁን የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታለች። ጠዋት ጠዋት ምንቃሯ የጎበጠ ትንሽ ወፍ እየመጣች ከአበባው ትጠጣለች። ሳጋል ስፌቱን አቁማ ታያታለች። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ አበባ ሌላ ቦታ የለም፤ ወፏ ማን ነግሯት እንደመጣች እስካሁን አልገባትም። ዲሪርንም ጠይቃዋለች፤ እሱም እያሰበበት ነው።