ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ሲነሳ

በሰፈሩ ትልቅም ትንሽም «ጋሽ ነገ» ነበር የሚለው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣለት ግን የማያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣም ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ የመጣም አንድ መልስ ይዞ ይመለሳል፦ «ነገ ይደርሳል።» ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሲናገረው ከልቡ ያምንበታል። ችግሩ ጨርቅ እጁ ከገባ ጥንቃቄው አይጣል ነው። አንዲት ኮሌታ ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ ይሰፋል። ደንበኛው በንዴት ጦፎ ይመጣና ልብሱን ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ምን ሊናገር እንደነበር ይጠፋዋል።

ሱቁ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ከበሩ አጠገብ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ከኋላ ያልደረሱ ልብሶች የተሰቀሉበት ረጅም ብረት፣ መሀል ላይ ራሱ ትራስ የሰፋለት ወንበር። እዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፤ በየብርጭቆው አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል።

ሃምሳ ሰባት ዓመት በሞላው ሰሞን ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለው። «ዕድሜ ነው» ብሎ መነጽር ሊያሠራ ሄደ። ዓይኑን ተለክቶ በሳምንቱ ሲመለስ ባለመነጽሩ አንዱን መስታወት ሲያነሳ ሌላውን ሲያስቀምጥ ቆየና ግራ ገባው።

«ባለፈው ሳምንት የለካሁት ዛሬ አልገጥም አለ እኮ። ውሃ ይጠማዎታል እንዴ?»

«ውሃማ በጆግ ነው የምጨልጠው።»

«እንግዲያው መነጽሩ ይቆይና መጀመሪያ ስኳርዎን ይለኩ።»

የጤና ጣቢያዋ ሐኪም በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። ጣቱን ወጋ አድርጋ፣ በትንሿ መሣሪያ ለክታ፣ ሌላም ምርመራ አዝዛ ውጤቱን አየችና ረጋ ብላ ነገረችው። «አባቴ፣ የስኳር ሕመም አለብዎት።»

 በወሬ የሰማው ክፉ ነገር ሁሉ በአንዴ ትዝ አለው።

«እግሬን ልትቆርጡኝ ነው?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እግርዎንማ እንፈልገዋለን፤ ገና ብዙ ሥራ አለው። ቀኑን የሚያሳልፉት እንዴት ነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«ተቀምጠው?»

«ብቀመጥም እግሬ አያርፍም። መኪናውን የምረግጠው በእግሬ ነው።»

«እሱ አይቆጠርም» አለችና ወረቀት ላይ ጻፈችለት። ኪኒኑ ከምግብ ጋር። ሻይ ያለ ስኳር። እግሩን በየቀኑ እያየ መንከባከብ። ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ የሚልሳት ከረሜላ በኪስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሚስቱ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠራው፤ ሠላሳ ዓመት «ዝም በሉ» ስትል ኖራ እሷም ድምፅ ማሰማት ትታለች። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የስኳሩን ጣሳ አንስታ ከጠረጴዛው አራቀችው። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል።

«አንተ ሰውዬ፣ አልቅሰህ ጨርስ» አለችው በለሆሳስ። «ከዚያ ጫማህን አድርግ።»

ጫማውን አደረገ። ግን መራመዱ ሳይሆን መንገዱ ነበር ችግሩ። ገና ከበሩ ሃያ እርምጃ ሳይርቅ ዳቦ ሻጩ «ጋሽ ነገ! ሱሪዬስ?» አለው። መንገድ ተሻገረ። ማዶ የመድኃኒት መደብሯ ሴትዮ ነጭ ጋዋኗን ጠየቀችው። ወደ ጓሮ መንገድ ታጠፈ። እዚያ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ለእህታቸው ሠርግ የሰጡት ጨርቅ ትዝ አላቸው፤ ሠርጉ ካለፈ ወር ሆኖታል። ልብስ ሰፊው እግሬ አውጪኝ አለ። ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከመንገዱ ማዕዘን ደርሶ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ቀና ሲል አጠገቡ የተቀመጠው ጡረተኛው ፖስተኛ ነው። ካፖርቱን ከሰጠው ስምንት ወር አልፎታል።

«ካፖርቴ» አለ ፖስተኛው።

«ነገ ይደርሳል፣ ጋሼ።»

«የትኛው ነገ?»

ልብስ ሰፊው መዋሸት አቃተው። «ጋሼ፣ የምሸሸው ከእርስዎ አይደለም። ስኳር ይዞኛል። ተራመድ ተብዬ ነው የወጣሁት፤ ሰው ግን አላራምድ አለኝ።»

ፖስተኛው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ደብዳቤ በእግሩ አድርሷል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ከዚያች አግዳሚ ወንበር ርቆ አያውቅም። ጉልበቱን ደገፍ አድርጎ ተነሳ።

«አካሄድህ አካሄድ አይደለም» አለ። «እንደ ተጫነ በሬ ነው የምትጎተተው። ትከሻህን ልቀቅ። መሬት መሬት አትይ፣ የጠፋብህ ነገር የለም። ካፖርቴን እስክታስረክበኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በርህ ላይ አለሁ። ከእጄ አታመልጥም!»

ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲዖል ነበር ማለት ይቻላል። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ልብስ ሰፊው የሰው አጥር ተደግፎ ይቆማል፤ ፖስተኛው ሰዓቱን እያየ ያፏጫል። በሁለተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ አጥር አለፉ። በአራተኛው ከውሃ ጋኑ በላይ ያለውን ዳገት ያለ ዕረፍት ወጡት። እላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ ሰፈሩን ቁልቁል አየው። እዚያው ተወልዶ አድጎ፣ የሱቁን ቆርቆሮ ከላይ ሲያየው ገና የመጀመሪያው ነበር። «እንዴት ዝጓል!» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ፖስተኛው በየበሩ ወሬ አለው። ይሄኛው ቤት ውሻው ሱሪውን ሁለቴ የቀደደበት ነው። በዚያኛው ቤት ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍላት የሌላት አሮጊት ነበረች፤ ፖስተኛው በራፏን ሲያልፍ ቢከብደው ራሱ እየጻፈ ያደርስላት ነበር። «ጽሕፈቴን አውቃዋለች ብዬ እሰጋ ነበር» አለ። «አንድ ቀን መልስ ሰጠችኝና አድርስልኝ አለችኝ። ፖስታው ላይ የእኔ ስም!»

ደንበኞችም መጥራታቸውን አልተዉም። ፖስተኛው ግን እጁን ያነሳና «አታስቁሙት፣ ሐኪም አዞታል!» ብሎ ይጮሃል። ሰንበትበት ሲል ነገሩ ጨዋታ ሆነ። ዳቦ ሻጩ ሱሪውን ትቶ «ዛሬ ስንት ደቂቃ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ብቻ ክፉኛ ደነገጡ። ልብስ ሰፊው ቸኩሎ ቁርስ ሳይበላ ኪኒኑን ውጦ ወጥቶ ኖሮ መሀል መንገድ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀው ጀመር። ፖስተኛው አስቀምጦት ኪሱን በረበረና ከረሜላውን ላጠለት። አከታትሎ ሦስት ከላሰ በኋላ ቀስ በቀስ ዓይኑ በራ። ያን ዕለት ወደ ቤት ተመልሰው ቁርስ በሉና ለሐኪሟ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ፍተሻ አለ።

«ቁርስ?»

«በልቻለሁ።»

«ከረሜላ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ቅደም።»

በሦስተኛው ወር ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለው። ዳገቱን በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ወጣና ሲመለስ ቁጭ ብሎ አጠበበው። በቀጠሮው ቀን የደረሰ የመጀመሪያ ልብስ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሟ አዲሱን ውጤት አይታ «አባቴ፣ በጣም ነው የወረደው! መድኃኒቱንም እርምጃውንም እንዳይተዉ» ስትለው እንደ ተማሪ አፈረና ጣራ ጣራ አየ።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ሱቁን ስታጸዳ ከብረቱ ጥግ፣ ከልብሶቹ ሁሉ ኋላ የተሸሸገ ካፖርት አገኘች። ቁልፉ ተተክሏል፤ ተተኩሷል።

«ይሄ አልቋል እኮ!»

«ካለቀ አምስት ሳምንቱ ነው» አለ ባሏ ቀና ሳይል።

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

«ካስረከብኩት ጠዋት መምጣቱን ይተዋል።»

 ሰኞ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሩ ሲንኳኳ ቀድማ ከፈተችና ካፖርቱን ዘርግታ ያዘችለት። «ይኸው፣ ጋሼ። ካለቀ አምስት ሳምንት ሆኖታል።»

ፖስተኛው እጁን አስገባ፤ ልክክ አለ። ኮሌታውን ዳሰሰ። «አውቃለሁ» አለ። «በመስኮት አይቼዋለሁ።»

«አይተው ዝም አሉ?» ልብስ ሰፊው ዓይኑ ፈጠጠ።

«ብጠይቅህ ልትሰጠኝ ነዋ! ከዚያ ምን ብዬ ልምጣ?»

ሚስትየዋ፣ ያቺ ድምፅ የማታሰማው፣ የሳቀችው ሳቅ መንገድ ድረስ ተሰማ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አፍረው ወጡ። ያን ቀን ሃምሳ ደቂቃ ሄዱ።

ብርዱ ሲያልፍ ልብስ ሰፊው አንድ ሐሳብ አመጣ። ከድልድዩ ማዶ የምትኖር ታላቅ እህት አለችው፤ በዓመት አንዴ በአውቶቡስ ነው የሚጠይቃት። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሚስቱ ውሃና ምሳ ቋጠረች፤ ከዚያ ራሷም ጫማዋን አጠለቀች። ሦስት ሆነው በማለዳ ተነሱ። ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን አዩ፤ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው በሉ፤ ካልሲ አውልቀው እግር መረመሩ። ፖስተኛው ደብዳቤ ያደርስ በነበረበት ዘመን እንደለመደው ኪሎ ሜትሩን እየቆጠረ መሪ ሆነ።

እህትየው ግቢዋ ውስጥ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ወንድሟን በአንሶላው ጫፍ ስታየው እጇ ላይ ያለው ልብስ ወደቀ።

«ከስተሃል! ምን ሆነህብኝ ነው? በምን መጣህ?»

«በእግሬ፣ እታለም።»

«አትቀልድብኝ።» ወደ በሩ ሄዳ መኪና ፈለገች። ባዶ መንገድ ነው። ተመልሳ ፊቱን በሁለት እርጥብ እጆቿ ያዘችው። ሕመሙን ነገራት፤ አለቀሰች። ዳገቱን ነገራት፤ አላመነችም። «እስቲ ልይህ» ብትለው ግቢውን ሁለቴ በፍጥነት ዞረላት፤ ትከሻው ልቅ፣ ዓይኑ ወደ ፊት። እህቱ በእርጥብ እጇ እያጨበጨበች ትስቃለች።

ከሰዓት በኋላ ሊመለሱ ሲነሱ እደሩ ብላ ብትለምናቸው እምቢ አሏት። እንግዲያው ድልድዩ ድረስ ልሸኛችሁ ብላ የደጅ ጫማዋን አወጣችና የወንድሟን ክንድ ያዘች። መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ክንዱን ጎተተችው።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ! እኔ ሰባ ዓመቴ ነው!»