ያልደወልኩላቸው ሰዎች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ለእሳቸው የምነግራቸው በፍልሰታ ጾም ዶናት መብላቴን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ማንቀላፋቴን፣ የጎረቤቴን መኪና አይቼ መቅናቴን ነው። እሳቸውም ስግደት ያዝዙኛል፣ እኔም ጉልበቴን አሳብቤ እከራከራለሁ፣ በግማሹ እንስማማለን። ትንንሹን ኃጢአት ከፊት እየደረደርኩ ትልቁን ከኋላው ሸሽጌ ኖሬአለሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው ሌላ ነገር ባይሆንለት መደበቅ እንኳ ይሆንለታል።

ስሜ መኩሪያ ነው። አትላንታ ያሉ የአገሬ ሰዎች ግን “ጡሩምባው” ይሉኛል፤ የእድራችን ለፋፊ ነበርኩና። አገር ቤት ለፋፊ ማለት ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ እየነፋ የሞተውን ሰው ለሰፈሩ የሚናገር ነው። እዚህ በምኖርበት ሊልበርን ጡሩምባ ብነፋ ጎረቤቶቼ ፖሊስ ይጠሩብኛል፤ ስለዚህ የምለፍፈው በስልክ ነበር። አርባ ሁለት አባወራ የተጻፈበት ወረቀት አለኝ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሚደውለው ለእኔ ብቻ ነው፤ ለቀረው ሁሉ እኔ እናገራለሁ። ሐዘንተኛ ስልክ ይዞ አይለምንም፤ ደንባችን ነው። በወረቀቱ ላይ ስም የሚጻፈው እድር በገቡበት ተራ ነው። ከድር ከኃይለማርያም ቀጥሎ ይመጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ተስፋዬ፣ ከዚያ ሙሐመድ። ማን የት እንደሚጸልይ የሚለይ ምልክት አልነበረበትም። የለቅሶ ቤት ምግባችን እንኳ ሁልጊዜ የጾም ነበር፤ የማን ሥጋ ማን ባረከው የሚል ጣጣ እንዳይመጣ።

ከአርባ ሁለቱ አንዱ ሰይድ ነው። የደሴ ልጅ፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ እንደ እኔ የኤርፖርት ታክሲ ሾፌር። በዕድሜ ብበልጠውም በታክሲ ሰልፍ ስንት ሰዓት አብረን ስንጠብቅ “እርስዎ” የሚባለው ነገር በመካከላችን ቀርቷል።

“ጋሼ፣ አንተ የሞትክ ቀን ማን ይደውልልናል?” ይለኝ ነበር።

“ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ ጀምሬ ራሴ እጨርሰዋለሁ” እለዋለሁ።

ሚስቱ ዘይነብ ደግሞ የምስር ወጧ ነገር አይነሣ። “ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ ለቅሶ የሚመጡት ለምስሩ ነው” ትለኛለች በሰው ፊት። እውነቷን ነበር። አንዳንዱን ሟች በቅጡ አላውቀውም፤ ምስሩን ግን አውቀው ነበር።

እንግዲህ ወደ ነውሬ ልምጣ፤ ዙሪያውን መዞር ይበቃኛል።

የኒውዮርኮቹ ሁለት ሕንጻዎች ከወደቁ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ታክሲዬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሰው ነበር። ተሳፋሪ አልነበረም፣ የሬዲዮ ሰው ነው። መጀመሪያ የከፈትኩት እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነው። ስለ ግብር ያወራል፣ ስለ ቤተሰብ ያወራል፣ ስለ እግዚአብሔር ያወራል። እኔም ጾሜን የምጾም፣ ልጆቼን በቁጣ ያሳደግኩ ሰው ነኝና አንገቴን እነቀንቃለሁ። የመረዘኝ ወግ አጥባቂነቱ አልነበረም፤ በወግ አጥባቂነትማ እኔ እበልጠዋለሁ። የመረዘኝ ሌላ ነው። ሰውየው በግብር ቢጀምር፣ በትምህርት ቤት ቢጀምር፣ በዝናብም ቢጀምር፣ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ እኛ አለን፣ እነሱ አሉ፣ እነሱ መጥተውብናል። “እነሱ” ስደተኞች የሚሆኑበት ቀን ነበር። አብዛኛውን ቀን ግን ሙስሊሞች ናቸው። ስደተኞች የሆኑ ቀን አንተ ምን ታደርግ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ድምፁን ቀነስ አደርግ ነበር። ሙስሊሞች የሆኑ ቀን ከፍ።

አንድ ቀን ዶራቪል ባቡር ጣቢያ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ለሰውየው ደወልኩለት። አርባ ደቂቃ ያህል ሆልድ ላይ አቆዩኝ፤ እኔም የምናገረውን እያጠናሁ ጠበቅኩ። ከዚያ የገዛ ድምፄ በሬዲዮ ወጣ። ከኢትዮጵያ የመጣሁ ክርስቲያን ነኝ አልኩ። እነዚህን ሰዎች አብሬያቸው ስለኖርኩ አውቃቸዋለሁ፣ ፊት ለፊት ይስቁልሃል፣ ልባቸው ግን ሌላ ነው አልኩ። አብሬያቸው ኖሬ ምን አይቼ ነበር? አንዲት ሴትዮ ምስር ስትጨምርልኝ። ሰውየው ሳቀና ለአድማጮቹ “ይሄ ሰው ከእኛ ነው” አለ፤ መስመሩም ተዘጋ።

ከእኛ ነው። ስሜን አስተካክሎ የሚጠራልኝ አሜሪካዊ አጥቼ የኖርኩ ሽማግሌ፣ በዚያች ቃል አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ሆንኩ። ሰውየው እኮ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ዘይነብ አረፈች። ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ሰንብታ ነበር። ሰይድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ ዘይነብ ሄደች። ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው የምንቀብራት። ንገርልኝ” አለ። ሌላ አልተናገረም። ከዚያ በላይ እንዳይናገር ነው እድር ያለው።

ወረቀቱን አወጣሁ። ቀይ እስክሪብቶም አወጣሁ። ለፋፊ ከሆንኩ ጀምሮ አድርጌ የማላውቀውን አደረግኩ፤ በየስሙ አጠገብ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ይሄ የእነሱ፣ ይሄ የእኛ። ይሄ የእነሱ፣ ይሄ የእኛ። ሲያልቅ የእነሱ ስምንት ሆኑ፣ ራሱን ሰይድን ጨምሮ። ለሰባቱ ደወልኩ። ቀብሩ የእነሱ ነው፣ የእኛ ሰው ከሥራው የሚቀርበት ምን ምክንያት አለ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰው ለራሱ ሲዋሽ እንዴት አንደበተ ርቱዕ ይሆናል? ለሠላሳ አራቱ አልደወልኩም። ረስቼ አይደለም። ስልኩ ተበላሽቶብኝ አይደለም። እኔ ነኝ ያልደወልኩት።

ረፋድ ላይ ወይዘሮ አልማዝ ከሌላ ሰው ሰምታ ደወለች። የእድራችን ሊቀመንበር ናት፤ ነገር አያመልጣትም።

“ጋሽ መኩሪያ፣ ዘይነብ ሞታለች ይባላል፤ እርስዎ ምነው ዝም አሉ?”

በቃ፣ ያኔ ማረም እችል ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ምላሴ ግን ቀደመኝ። “ቀብሩን ለብቻችን እናድርገው ብለዋል፤ የሃይማኖት ነገር ነው” አልኳት። “እንዲህ ካሉ እንግዲህ ምን እናደርጋለን” ብላ ዘጋች። ከፍቷት እንደነበር ከድምፅዋ ታወቀኝ።

መቃብር ቦታው ስደርስ ከሰባቱ የመጡት አራት ናቸው። የቀሩት ዱሉዝ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ላይ ነበሩ፤ አለቃ አልለቀቃቸውም። ሰይድ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

“ነገርካቸው አይደል?” አለኝ።

“ነግሬያለሁ። ሥራ ይዟቸው ነው፣ ይመጣሉ።”

አያችሁት? ለአልማዝ አንድ ውሸት፣ ለሰይድ ሌላ ውሸት። በአንድ ቀን።

ሼሁ ሰዓታቸውን አዩ። ቀብር አይዘገይም። ሰይድ ግን “ትንሽ እንጠብቃቸው ሼሃችን፣ ሰዎቼ ሩቅ ነው የሚሠሩት፣ ሳይደርሱ ብቀብራት ያዝኑብኛል” አለ። ጠበቅን። መኪና ከመንገዱ በታጠፈ ቁጥር ሰይድ አንገቱን ያቀና ነበር። አንደኛው የአበባ መኪና ነበር። አንደኛው መንገድ የጠፋው ሰው ነበር። እኔም አብሬው መንገዱን አየሁ። እንደማይመጡ የማውቅ እኔ፣ ፊቴን አስመስዬ መንገዱን አየሁ።

ሼሁ በመጨረሻ “ይበቃል ልጄ” አሉ።

ለመሸከም ሰው አነሰ። እኔ አጭር ነኝ፣ ጀርባዬም አይረባም፣ ሣጥኑ በእኔ በኩል አዘመመ። መቃብር ቆፋሪው ቀይ ፊት ያለው ትልቅ ፈረንጅ ነበር፤ ፈንጠር ብሎ ፒካፕ መኪናውን ተደግፎ ይጠብቃል። የመኪናው መስኮት ክፍት ነው፣ ሬዲዮው ይሰማል። የእኔ ሰውዬ ነበር። ያው ድምፅ፣ ያው ሳቅ፣ ያው “እነሱ”። ፈረንጁ ሣጥኑ ማዘመሙን ሲያይ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ሬዲዮውን አጠፋ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መጥቶ ከእኔ አጠገብ ትከሻውን ሰጠ። ማንነቷን አልጠየቀም።

እኔ የምሰማውን ይሰማል። ግን አስከሬን ሲመጣ ማጥፋት ያውቅ ነበር። እኔስ? ሬዲዮውን ይዤ ነው ወደ ቀብር የገባሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፣ አጭርነቱም ያስፈራኛል። ክርስቲያኖቹ “ለብቻችን ብለው ከለከሉን” አሉ፤ ሙስሊሞቹ “ሞታችንን ናቁት” አሉ። አንድ ሰው አንዱን ቢጠይቅ ኖሮ ውሸቴ በአምስት ደቂቃ ይፈርስ ነበር። ግን እኛን ታውቁናላችሁ። ሐዘንተኛን “ለምን አልጠራኸኝም” ማለት ነውር ነው። ሐዘንተኛም “ለምን አልመጣችሁም” አይልም። ይሉኝታችን ለእኔ ዘብ ቆመልኝ። ሰላምታው ቀዘቀዘ፣ ስብሰባው ሳሳ፣ ዓመት ሳይሞላ እድሩ ለሁለት ተከፈለ። የእኛው ግማሽ እኔን እንደገና ለፋፊ አድርጎ መረጠኝ፤ አጨበጨቡልኝ። ሰይድ ወደ ዱሉዝ ቤት ቀየረ። የሬዲዮው ሰው አገር የሚከፍልበትን ጥበብ እኔ በአርባ ሁለት አባወራ ላይ ተለማመድኩት፤ ከእሱ የሚለየኝ እሱ ደመወዝ የሚከፈለው መሆኑ ነው።

ሬዲዮው ነው ያሳሳተኝ አልልም። ሬዲዮው ቃል ሰጠኝ፤ እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ባለቤቴ ጽጌ አረፈች። ለግማሹ እድር እኔው ደወልኩ፤ ለፋፊ የራሱን ሐዘን የሚለፍፍበት ቀን አለ። ሰይድ ከዝርዝሩ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሣጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ግን አምስት ሰዎች አስከትሎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሸብቷል። ከፊት በኩል ገብቶ ተሸከመ።

“ማን ነገረህ?” አልኩት።

“ለሞት ጥሪ ይጠበቃል እንዴ ጋሼ” አለኝ።

እንደ ስድብ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው።

ከአርባዋ በኋላ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁት። ቀዩ ምልክት አሁንም አለ፤ ቀይ ቀለም ቶሎ ይለቃል ያለኝ ሰው ዋሽቶኛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለሰይድ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሣ፣ ድሮ እንደለመደው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፦

“ማን ሞተ?” አለኝ።

“ማንም አልሞተም” አልኩት። ከዚያም ነገርኩት። እስክሪብቶውን፣ ሠላሳ አራቱን፣ ለአልማዝ ያልኩትን፣ መንገድ መንገዱን ስናይ እንደማይመጡ ማወቄን። ምክንያት አልጨመርኩም።

ከኋላው የልጅ ልጁ ድምፅ ይሰማል።

“እኛ እኮ ጠብቀናቸው ነበር” አለ በመጨረሻ። “ዘይነብን ፀሐይ ላይ አስተኝተን ጠብቀናቸው ነበር።”

“አውቃለሁ” አልኩት። ይቅር በለኝም አላልኩት፤ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ አፈርኩ። ስልኩን የዘጋው እሱ ነው። መልሶ ይደውል አይደውል አላውቅም፤ እንዲደውል የመጠበቅ መብትም የለኝም።

አሁን የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ሠላሳ አራታችሁ፣ ዛሬም ሰይድ ከለከለን ብላችሁ የምታምኑት። አልከለከላችሁም። ያን ዕለት ጠዋት ልነግራችሁ የሚገባኝን አሁን እነግራችኋለሁ፤ ለፋፊ ሁሉ ይዘገያል፣ እንደ እኔ የዘገየ ግን ያለ አይመስለኝም።

የሰይድ ባለቤት ዘይነብ አርፋለች። ቀብሯ ከዙሁር በኋላ ነው። ሰይድ መንገዱን እያየ ይጠብቃችኋል።