የኮሶዬዋ ልጅ ፍርድ

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ላሠራ ፒያሳ አንድ የጥገና ቤት ገብቼ ነበር። ሠራተኛው የተፈታታ ጆይስቲክ ከፊቱ ዘርግቶ ሽቦ ይበይዳል። የብየዳው ጭስ አፍንጫዬን ሲነካው ከሥሩ ሌላ ሽታ መጣብኝ፤ የብዙ ልጅ መዳፍ ያላበበት የጎማ ሽታ። «እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?» እስኪለኝ ድረስ ለምን እንደመጣሁ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ሽታ የማውቀው ጎንደር ከሰፈራችን ጌም ቤት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ጎረቤታችን የቤቱን የፊት ክፍል ለቆ ጌም ቤት ከፈተበት። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡን ሲታመም ያቆመ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ስፖንጁ የወጣ ሶፋ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። በሩ ላይ ቀይ መጋረጃ ሰቅሎ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ቀይ ይሆናል። ሴት ልጅ ወደዚያ አትገባም። ክልክል ነው ያለ የለም፤ ብቻ አትገባም።

እኔን ያስገባችኝ የኮሶዬዋ ልጅ ናት። ስሟን ልተወው፤ ትምህርት ቤቱም ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ትምህርቷን ለመቀጠል ከደጋው ከኮሶዬ ወርዳ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ትምህርት ቤትም ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተመደበች። አባቷ ገበሬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ የሳምንት ስንቋን ጥሎላት ይመለሳል። እናቴ ዩኒቨርሲቲ፣ አባቴ ሆስፒታል ሥራ ይውላሉ፤ እኔ ግን ከሷ ጋር ነበር የምውለው።

የመጣች ሰሞን ከጌም ቤቱ ጩኸት ሰማችና ድንጋጤ ፊቷ ላይ ታየ።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«ጎል ገብቶ ነው» አልኳት።

«የት?»

«ቴሌቪዥን ላይ። ጨዋታ ነው።»

መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ልጆቹ ጆይስቲካቸውን እንደያዙ አፈጠጡብን። ባለ ጌም ቤቱ ምን እንደፈለግን ሲጠይቀን እሷ «ልናይ ነው፣ አያ» አለችው። በሷ አገር ትልቅ ሰው «አያ» ነው የሚባለው። እሱም የተወለደው ከዚያው ከደጋው ኖሯል፤ ከተማ ከገባ ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊቱ በራ። ልጆቹን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አድርጎ ሶፋው ላይ ቦታ ሰጠን።

ይገርምሃል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየችውን ጨዋታ ሁሉ ትመዝን ነበር። የመኪና እሽቅድምድሙን አይታ «ግንብ መትቶ ምንም ካልሆነ ታዲያ ምኑ ያስፈራል?» አለች። የጦርነቱን ጨዋታ ስታይ «አሁን እዚህ ጋ የወደቀው ሰውዬ ወዴት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። ኮምፒውተሩ ላይ እርሻ የሚታረስበት ጨዋታ ነበር። ረጅም ሰዓት ተጫወተችውና «ዝናቡ በቀኑ ነው የሚመጣው። ይኸን የሠራው ሰው የደላው መሆን አለበት» ብላ ሳቀች። በእናቴ ስልክ ባለ ቀለም ድንጋዮች የሚደረደሩበትን አሳየኋት። ትንሽ ደረደረችና መለሰችልኝ። «እጄን ነው የሚፈልገው፤ እኔን አይፈልገኝም።»

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ የሚመሩት የአማርኛ መምህራችን አዲስ ዝግጅት አምጡ አሉን። እኔ የሷን ነገር ነገርኳቸው። ሰኞ ሰኞ በእረፍት ሰዓት እኔ ጨዋታው ምን እንደሆነ እናገራለሁ፤ እሷ ትፈርዳለች። ድምፅ ማጉያው ባንዲራው አጠገብ ባለ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ስለሚንጫጫ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። ፍርዷ ሦስት ነው፦ «ሸጋ ነው»፣ «ደህና ነው»፣ «ይቅርብኝ»። አንዱን አሮጌ የድብድብ ጨዋታ «ሥዕሉ አስቀያሚ ነው፤ ግን ተሸንፌም ሳቅሁ። ሸጋ ነው» ስትለው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አሁን የእህቴ ልጅ ጨዋታ ከማውረዱ በፊት ከአሥር ስንት እንደተሰጠው ስልኩ ላይ ያያል። እኛ ግን ጨዋታም ሐያሲ የሚባል ሰው እንዳለው አናውቅም ነበር። እኛ የምናውቀው እሷን ነው።

ልጆቹ ፍርዷን ሰምተው ነበር የሚመርጡት። ይህ ነገር ምን ያህል እንደከበደ ያወቅነው ከጥምቀት በኋላ ነው። ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ትልቅ ጌም ቤት ተከፍቶ የሰፈራችን ልጆች ወደዚያ መሄድ ጀመሩ። ባለ ጌም ቤታችን ያለውን ሁሉ አሟጦ አዲስ ማጫወቻ አስመጣ። ከማጫወቻውም ጋር ከተማው ውስጥ ሌላ ማንም የሌለው አንድ ጨዋታ። «እስቲ እዩት» አለን፤ የካርቶኑን ላስቲክ ገና ከእጁ አልጣለም ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ የታመመ ትንሽ ወንድሟን በቅሎ ላይ ጭና በረዶ በሸፈነው ተራራ አናት ላይ ወዳለች አክስቷ ትወስደዋለች። መተኮስ የለም፤ መሽቀዳደም የለም። መሄድ ብቻ ነው። የኮሶዬዋ ልጅ ወንዙ ጋ እስክትደርስ ተጫወተችው። በቅሎዋ አልሻገር ስትላት ጆይስቲኩን አስቀምጣ ተነሣች። ሰኞ በማይክሮፎኑ «ተራራ መውጣት ነው። ተራራ እኔም አገር አለ። ይቅርብኝ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስንመለስ መጋረጃውን ገልጠን ገባን። ቤቱ ውስጥ አንድም ልጅ የለም። ባለ ጌም ቤቱ፣ ጨዋታ ሲጫወት አይተነው የማናውቀው ሰው፣ በታመመ ወገቡ ወደ ቴሌቪዥኑ አጎንብሶ ያችን በቅሎ ይነዳል። የበረዶው ነጭ ብርሃን ግንባሩ ላይ ነበር። ዞርም ሳይል ተናገረ።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ የት ሄደሽ ነው የፈረድሽው?»

«እስከ ወንዙ፣ አያ።»

«ሳትሻገሪ?»

«በቅሎዋ እምቢ አለችኝ።»

«እኔንም እምቢ ብላኝ ነበር» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ሸጋ ነው በይ አልልሽም። የመሰለሽን ነው የተናገርሽው። ብቻ ብትሻገሪው ደስ ይለኝ ነበር።»

እሷ ቦርሳዋን አውርዳ ከጎኑ ተቀመጠች። «ልጨርሰዋለሁ። ጨርሼ የመሰለኝን እላለሁ፤ ካልወደድኩት አልወደድኩትም እላለሁ።»

«እሱስ ያንቺ ነው» አለና ጆይስቲኩን ሰጣት።

ሐሙስም ዓርብም ተጫወተች፤ ገና አጋማሹን ማለፏ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጀምረን ከሰዓት በኋላ ሆነ። የቅዳሜ ጌም ቤት ስለሆነ ጥቂት ልጆች በወዲያኛው ቴሌቪዥን ኳስ ይጫወታሉ። ቅዳሜ መሆኑን ግን እሷም እኔም ዘንግተነው ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ጋቢ የለበሰ ረጅም ሰው፣ በእጁ በትር፣ በትከሻው ጆንያ ይዞ በሩን ሞላው። አባቷ ነው። ኳሱ ላይ የሚጮሁት ልጆች ዞር ብለው አዩት። እሷ ጆይስቲኩን እንደያዘች ብድግ አለች።

«ቤትሽ ብሄድ ዝግ ነው፤ እዚህ ናት አሉኝ» አላት።

ፈራሁ። ከመንደሯ የመጣች ሌላ ልጅ እንዲሁ የማይሆን ቦታ ተቀምጣ ታየች ተብሎ ዕቃዋ ተጭኖ ተመልሳ ነበር፤ ትምህርቷም በዚያው ቀረ። ባለ ጌም ቤቱ «ይግቡ አያ፤ ይቀመጡ» ብሎ አግዳሚውን በእጁ ጠረገ። አባቷ አልተቀመጠም።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

የቤት ሥራ ነው ልትለው ትችል ነበር፤ አላለችም። «በዚህ ጨዋታ ላይ ፈርጄበት ነበር፣ አባየ። ሳልጨርሰው ነው የፈረድኩት። አሁን ልጨርሰው ነው።»

«ማን ይሰማሻል?»

«ትምህርት ቤቱ ሁሉ» አልኩ እኔ ቀድሜያት። ለምን ጣልቃ እንደገባሁ አላውቅም።

አባቷ በመንደራቸው ሰው የተጣላ እንደሆነ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑን አየ፤ ባለ ጌም ቤቱን አየ፤ ከዚያ የገዛ ልጁን አየ።

«ሳትሰሚ ነው የፈረድሽበት?»

«አዎ።»

«ባለቤቱስ ይኸ ነው? ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጆንያውን አውርዶ ተቀመጠ። «በይ እንግዲያው ጨርሺ። እኔም ልስማ።»

ተቀምጣ ቀጠለች። አባቷ ትንሽ ቆይቶ «ያች ልጅ ምነው ብቻዋን? ሰው የላትም?» ብሎ ጠየቀ። ወደ አክስቷ እንደምትሄድ ነገረችው። «ልጁስ ምን ሆኖ ነው?» «ታሞ ነው።» ወደ ፊት ጠጋ አለ። በቅሎዋ በረዶ ላይ ስትንሸራተት «አዬ!» ብሎ ከአግዳሚው ተነሣ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። እየቆየ ኳስ ተጫዋቾቹም የራሳቸውን ትተው ከኋላችን ቆሙ። አንዱ ሻይ አመጣለት። በኮሶዬ የሚያልፈው የመጨረሻው የደባርቅ መኪና መሄጃው እንደደረሰ ባለ ጌም ቤቱ ሲያስታውሰው በእጁ ዝም በል አለው።

ፀሐይዋ ከመጋረጃው ላይ ልትወርድ ስትል ባለ በቅሎዋ ልጅ ከተራራው ጫፍ ደረሰች። አንዲት ቤት አለች፤ ከጣሪያዋ ጭስ ይወጣል። ወንድሟን አውርዳ፣ ደግፋ ወስዳ በሩን አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን ወጣ፤ ወዲያው የሠሩት ሰዎች ስም መውረድ ጀመረ።

«ማን ከፈተላቸው?» አለ አባቷ።

«አያሳይም፣ አባየ።»

«እንዴት አያሳይም?»

«እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«ደርሰዋል ብቻ» አለ። ለራሱ ነበር የተናገረው። ያን ቀን እኛ ቤት አደረ። ጠዋት ሲሄድ የተናገራት ነገር ቢኖር ስንቁን በጊዜ እንድትጨርሰው ብቻ ነበር።

ሰኞ ማይክሮፎኑን ያዘች። ያለችውን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ባለፈው ሰኞ ወንዙ ጋ ቆሜ ፈርጄ ነበር። አሁን እስከ ላይ ወጥቻለሁ። መጀመሪያው ያሰለቻል፤ እሱን ቃሌን አልመልስም። በቅሎዋም ወንዝ ስታይ እንደ ግንድ መቆሟ የሠሪዎቹ ስንፍና ነው። ከወንዙ ወዲያ ግን ልጅቱ ስትደክም እኔም ደከመኝ። አባቴን እንኳ መኪና አመለጠው። ሸጋ ነው።»

ጌም ቤቱ በዚያ ፍርድ ተረፈ ብዬ አልዋሽህም። ልጆቹ ይበልጡን ያው ኳሳቸውን ነበር የሚፈልጉት። ግን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ልጅ ያን ተራራ ሲወጣ ታገኛለህ፤ ባለ ጌም ቤቱም ወገቡን ይዞ ከኋላቸው ይቆማል፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ «አይዟችሁ፣ ትሻገራለች» ይላቸዋል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ስልክ በየሰው እጅ ሲገባ ቤቱን ዘጋው። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ፀጉር ቤት አለ።

የኮሶዬዋ ልጅ ዛሬ ደባርቅ ነርስ ናት። አባቷ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ለልቅሶ ኮሶዬ ስሄድ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ድንኳኑ እርጥብ ሣር ይሸታል። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ፣ የአባቷ ጎረቤት፣ በትራቸውን ተደግፈው መጡና ከፊታችን ተቀመጡ።

«ጎንደር አብራት የተማርሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«ያች ወንድሟን በበቅሎ ጭና በውርጭ ተራራ የወጣችውን ልጅ አብራችሁ ነው ያያችኋት አሉ። እሱ ስንት ጊዜ አወጋን መሰለሽ። ወንዙን፣ በቅሎዋን... እኛም ስንጠይቀው እንኖራለን። በሩ ተከፈተ ይላል። ማን ከፈተላቸው ስንለው አላውቅም ይላል። እስከ መጨረሻው አላውቅም እንዳለ ሄደ።»

እሷን አየኋት። ለእኛ ስትፈርድ ካየችው በላይ አንዲት ቃል ጨምራ አታውቅም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«አክስታቸው ናት» አለቻቸው። «አክስታቸው ከፈተችላቸው። ልጁም ዳነ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሰይ» አሉ። «እሰይ፤ ይኸን ሳይሰማ ነው የሄደው።»

እሷ እጄን ያዘችኝ። እስኪመሽ አልለቀቀችውም።