የተቆላ ቀለህ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ቀለህ ቆላ። ገብስ አላልኩም፤ ሽምብራም አላልኩም። ተተኩሶ የወደቀ የጠመንጃ ቀለህ፣ ናስ፣ በእህቱ ብረት ምጣድ ላይ ዘርግቶ፣ እሳቱን ለቆ፣ በእንጨት ማንኪያ እያማሰለ ቆላው። ከሥራ ስገባ «ና እስቲ፣ መልኩን እየው!» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት! ወላሂ፣ ሰው እንዲህ እየኮራ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም።

የምንኖረው ፌርፋክስ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አፓርታማ ነው። ቀን በመኪናዬ መንገደኛ ሳመላልስ እውላለሁ፤ ስመለስ ታች ጋራዤ ውስጥ ጥይት እሞላለሁ። የምተኩሰው በረሃው ውስጥ ባለ የኢላማ ሜዳ ነው። የወደቀውን ቀለህ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ባሩድና እርሳስ መልሼበት እንደገና እተኩሰዋለሁ። ጥይት ሁሌ አንድ ቦታ እንዲመታ የፈለገ ሰው መልፋት ያለበት ቀለሁ ላይ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው አይቀላቀልም። ብዙ የተተኮሰው ትንሽ ከተተኮሰው ጋር አይቀመጥም። ሲተኮስ ስለሚለጠጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ የረዘመው አፉ ይቆረጣል፤ ሻካራው ይሞረዳል። እርሳሱን የሚይዘው አንገቱ ደግሞ እየደረቀ ይሄዳል። የደረቀ አንገት አንዱን እርሳስ አጥብቆ፣ ሌላውን አላልቶ ይይዝና ጥይቱ ኢላማው ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ይሆናል። ስለዚህ አንገቱን ለአፍታ እሳት አሳየዋለሁ፤ ይለሰልሳል። አንገቱን ብቻ! ቂጡ እሳት ካየ አለቀለት። ባሩዱ ሲፈነዳ ያን ሁሉ ግፊት የሚችለው ጠንካራው ቂጡ ነው። እሱ ከለሰለሰ ተቀዶ እሳቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ሊለቀው ይችላል።

ይህን ለዚህ ሰው ስንቴ ነገርኩት! ሎንግ ቢች ወደብ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። እኔን አይቶ የእኔን ዓይነት ጠመንጃ ገዛ፤ አሞላሉንም ያሳየሁት እኔው ነኝ። ሳሳየው «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው። ከነገርኩት ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችው እሳት የምትለዋ ብቻ ናት። ሶ፣ የዚያን ቀን እኔ ሳልኖር መጣ። ሰው ቤት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ስለሆነ፣ ሊያግዘኝ ጋራዥ ወረደ። በየሳጥኑ ለይቼ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጠና አጠበው። ከዚያ ወደ ምጣዱ።

«አንገቱን ብቻ አንድ በአንድ ምን አደከመህ?» አለኝ። «ሙሉውን አበሰልኩልህ።»

«ይጣል» አልኩት።

«ለምን ይጣላል? አብረን የለቀምነው አይደል? ግማሹ የእኔ ነው። ቅዳሜ ሞልቼ ስተኩስበት ታያለህ።»

ያኔ ደነገጥኩ። የቀለሁ መበላሸት እንኳ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ይህ ሰው እልኸኛ ነው፣ ያለውን ያደርጋል። ቅዳሜ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አስደግፎ ያንን የተቆላ ጉድ ሲተኩስ ታየኝ። ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። «አንተ ደደብ፣ ዓይንህ ይጠፋል!» ብዬ ጮህኩበት፤ እህቱ ፊት። ቀለሁን ጋራዥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እሱም ተቆጥቶ ድራይቭ አድርጎ ሄደ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። ለቀለህ ሽማግሌ!

ሦስት ሆነው መጡ። ከሰዓት ከሰዓት ምግብ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ሲቆጥሩ የሚውሉ፣ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ጠመንጃ በእጃቸው ያልነኩ ሰዎች ናቸው። ዱዓ አደረጉ፤ ሻይ ጠጡ፤ ከዚያ ትልቁ ጀመሩ።

«አንተ ልጅ፣ ለዚች ቆርቆሮ ብለህ ከአማችህ ትጣላለህ?»

«ጋሼ፣ ቆርቆሮ አይደለም። ይህን ቢተኩሱበት ፊት ላይ ይፈነዳል።»

«የአባቴን ምንሽር ስተኩስ ማን ቀለህ ለካልኝ?» አሉ ሁለተኛው። «እኛ እኮ በደማችን ያለ ነገር ነው!»

በደማችን! ደም ጥይት የሚሞላ ይመስል። እሺ ብዬ ከጋራዥ ፒንሳና ሁለት ቀለህ አመጣሁ። ያልተቆላ ቀለህ ቂጡ አካባቢ ጨመቅሁላቸው፤ ስለቀው ወደ ልኩ ተመለሰ። የተቆላውን ጨመቅሁ፤ እንደ ተጨመቀ ቀረ። «አያችሁ?» አልኳቸው።

ሦስተኛው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አዩና «ማሻአላህ፣ እጅህ ጠንካራ ነው» አሉኝ።

ሚስቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ወንድሟ ሶፋው ላይ እንደ ሙሽራ ተኮፍሷል፤ የሩዝ ከረጢት አጣጥፎ ጭኑ ላይ ይዟል። የመጣው ድርሻውን ሊወስድ ነው። ፍርዱም ተሰጠ፦ ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠይቄ አፉ በለኝ እንድለው፣ ቀለሁም እኩል ለሁለት እንዲከፈል።

«እሺ» አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። ትልቁ መረቁኝ።

ተከትለውኝ ጋራዥ ወረዱ። ትከሻውን ሳምኩና «ደደብ ስላልኩህ አፉ በለኝ» አልኩት። እሱም «አፉ ብያለሁ» አለና ከረጢቱን ከፈተ። እኔ ባልዲውን ሲሚንቶው ላይ ገለበጥኩትና መዶሻ አነሳሁ።

የእሱን ከእኔ አልለየሁም። አንድ በአንድ ጠፈጠፍኩት። «አብዷል! ያዙት!» ይላሉ፤ መዶሻ የያዘ ሰው ማን ይጠጋል? ሚስቴ ደረጃው ላይ ቆማ «ተው፣ በአላህ!» እያለች ታለቅሳለች። ስጨርስ አንድም የሚሞላ ቀለህ አልተረፈም። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው «እኛን አይደለም የረገጥከው፣ ዱዓውን ነው» አሉኝና ወጡ። ወንድሟ ባዶ ከረጢቱን እንደ ያዘ ተከተላቸው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሽማግሌ የረገጥኩ ሰው ነኝ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ሳልፍ እነዚያ ሦስት ጠቢባን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ማዞር መቼም ያውቁበታል። ለዒድ ሚስቴ ወንድሟ ጋ ሎንግ ቢች ብቻዋን ሄደች። ስትመለስም ይዛልኝ የመጣችው ምግብ አልነበረም፣ ወሬም አልነበረም። ከፋኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ከፋኝ።

ባለፈው ሳምንት ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የሚስቴ ወንድም ከፊት ለፊቴ መጣ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩት። ቆመ። በሁለቱም ዓይኖቹ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ገላመጠኝና ሳይመልስልኝ አለፈ።

ይገላምጠኝ።